ኖኪያ 1100፦ ከሃያ ዓመት በኋላ የተጻፈ ግምገማ

ኖኪያ 1100 ይፋ የሆነው እ.ኤ.አ. በ2003 ነው። እጄ ላይ ያለው ቀፎ እናቴ ለብዙ ዓመታት የተገለገለችበት ሲሆን፣ ባለፈው ክረምት የእኔ ስልክ ለጥገና በገባ ጊዜ ከቁም ሳጥን አውጥታ አዋሰችኝ። ሦስት ሳምንት ያህል ሌላ ስልክ ስላልነበረኝ፣ ያኔ የምንወደው ነገር ዛሬም ይሠራ እንደሆነ በእጄ ለመመዘን ችያለሁ።

ይህ ቀፎ ከ250 ሚሊዮን በላይ ተሽጧል። ኩባንያው ከሸጣቸው ስልኮች አንድ ቢሊዮንኛው ሆኖ የተቆጠረውም፣ እ.ኤ.አ. በ2005 ናይጄሪያ ውስጥ የተሸጠ 1100 ነበር። ርካሽነቱ ብቻ ለዚህ አላበቃውም፤ የሠሩት ሰዎች አቧራን፣ ላብንና ጨለማን አስበው እንደሠሩት አንድ ቀን ይዞት የዋለ ሰው ይረዳዋል። የቁልፎቹ ሽፋን አንድ ወጥ ስለሆነ አቧራ በቀላሉ አይገባበትም፤ ጎኖቹም ከእጅ እንዳያመልጡ ተደርገው ተሠርተዋል። ካሜራ የለውም፣ ሬዲዮ የለውም፣ ኢንተርኔት የለውም፣ ማያው ቀለም አያውቅም። በምትኩ አናቱ ላይ የእጅ ባትሪ አለው። «ሲ» የተጻፈበትን ቁልፍ ተጭኖ ሲይዙት ይበራል። መብራት በጠፋ ምሽት እናቴ ኩራዝ ከመፈለጓ በፊት ስልኳን ታነሣ ነበር፤ እኔም በእነዚያ ሦስት ሳምንታት ውስጥ ማያ ገጽ ሳልከፍት፣ የይለፍ ቁጥር ሳላስገባ፣ በአንድ አውራ ጣት ብርሃን ማግኘት ምን ያህል ዕረፍት እንደሆነ እንደገና አስታወስሁ።

ትዝታው ግን ከቀፎው ይልቅ በዙሪያው በነበረው ማኅበራዊ ሕይወት ላይ ያርፋል። የካርድ ሒሳብ ውድ በነበረበት በዚያ ዘመን ሚስድ ኮል ራሱን የቻለ ቋንቋ ነበር፤ በእኛ ቤት አንድ ጊዜ ጠርቶ ሲቋረጥ «በሰላም ደርሻለሁ» ማለት ነው፣ ሁለት ጊዜ ከሆነ «ደውሉልኝ» ማለት ነው፣ እናቴም ይህን ስሕተት በሌለበት ሁኔታ ትተረጉመው ነበር። ከ1997ቱ ምርጫ በኋላ የጽሑፍ መልእክት አገልግሎት ተቋርጦ ሁለት ዓመት ያህል በቆየበት ጊዜ ደግሞ፣ ይህ የጥሪ ቋንቋ ከመቼውም ይልቅ አስፈላጊ ሆኖ ነበር። አገልግሎቱ በሚሊኒየሙ መባቻ ሲመለስ አማርኛን በላቲን ፊደል፣ በ160 ሆሄያት ውስጥ አጣጥፈን መላክ ጀመርን፤ ስልኩ የግዕዝ ፊደል የለውምና ሌላ ምርጫ አልነበረንም። «ሰ»ን ከ«ጸ» ለመለየት እያንዳንዳችን የየራሳችን አጻጻፍ ነበረን፣ የወንድሜን መልእክት ስሙን ሳላይ በአጻጻፉ ብቻ እለየው ነበር። ዛሬ በግዕዝ ፊደል ለመጻፍ በመቻላችን ከልቤ ደስ ይለኛል፤ ያም ሆኖ አንድ ፊደል ለመጻፍ አንዱን ቁልፍ እስከ ሦስት ጊዜ መጫን ሰውን የሚናገረውን አስቀድሞ እንዲያስብ ያደርገው ነበር ብዬ አምናለሁ።

የስልኩ ማውጫ 50 ስም ብቻ ይይዛል፣ የቀረው ሲም ካርዱ ላይ ይቀመጣል። የእናቴን ማውጫ ስከፍት ሃምሳዎቹም ሞልተው አገኘኋቸው፤ ከእነርሱ መካከል ሦስቱ ዛሬ በሕይወት የሉም፣ እርሷም አልሰረዘቻቸውም። እኔም አልነካኋቸውም።

ስለ ኃይል ማጠራቀሚያው ጥቂት ልበል። ቢኤል-5ሲ የተባለው ባለ 850 ሚሊአምፒር ሰዓት ባትሪ ሲሆን፣ ኩባንያው ሳይነጋገሩበት እስከ 400 ሰዓት ይቆያል ብሎ ነበር። በእኔ እጅ አዲስ ባትሪ ተገዝቶለት፣ በቀን ጥቂት ጥሪ እያደረግሁ፣ አምስት ቀን ቆየልኝ። ይኸው ባትሪ ለብዙ ትንንሽ ሬዲዮኖች ስለሚያገለግል ዛሬም ማግኘት አይከብድም፤ ነገር ግን ያበጠ ወይም ያረጀ ባትሪ አትግዙ። እ.ኤ.አ. በ2007 እስከ 46 ሚሊዮን በሚደርሱ የዚህ ዓይነት ባትሪዎች ላይ ከመጠን በላይ የመሞቅ ሥጋት ስለነበር ኩባንያው ራሱ ማሳሰቢያ አውጥቶ እንደነበር መዘንጋት የለበትም።

ለዛሬ ኑሮ ይበቃል ወይ ለሚለው ጥያቄ መልሴ በከፊል ነው። ቴሌግራም የለም፣ ፎቶ መቀበል አይቻልም፣ ውጭ አገር ካለ ዘመድ ጋር ፊት ለፊት መተያየት አይታሰብም፤ ልጆቿ በስደት ላሉባት እናት ይህ ትልቅ ጉድለት ነው። በአንጻሩ ቴሌብር በ*127# ስለሚሠራ ገንዘብ መላክና ካርድ መሙላት አላስቸገረኝም። ሲም ካርዱ የሚገባው ከባትሪው ሥር ነው፣ ያውም ትልቁ ዓይነት ስለሆነ የተቆረጠ ሲም ያለው ሰው ማስገቢያ ፍሬም ያስፈልገዋል። አሮጌ ቀፎ ለመግዛት የሚያስብ ሰው በ*#06# የሚወጣውን ቁጥር ከባትሪው ሥር ካለው ጽሑፍ ጋር ያስተያይ፤ የማይገጥም ከሆነ ሽፋኑና የውስጡ አካል ከተለያየ ስልክ የተሰበሰበ ሊሆን ይችላል።

ሁለተኛ ስልክ ለሚፈልግ፣ ለእርሻና ለመንገድ ሥራ፣ ለተማሪም ቢሆን በፈተና ሰሞን፣ ያለ ማመንታት እመክረዋለሁ። የእኔ ስልክ ተጠግኖ ሲመለስ ይህን ወደ ቁም ሳጥኑ ልመልሰው ብዬ ነበር፤ እናቴ ግን ቻርጅ አድርጌ ራስጌዋ ላይ እንዳስቀምጥላት ጠየቀችኝ፣ አሁንም ያለው እዚያው ነው።