ላይና ታች የሚሞቀው የድፎ መጋገሪያ፦ አንድ ዓመት፣ አምስት በዓል

ይህን ዕቃ የገዛሁት አምና ጳጉሜን 3 ቀን ነው። ለእንቁጣጣሽ ሦስት ቀን ሲቀረው ማለት ነው። ጤነኛ ሰው በበዓል ዋዜማ አዲስ ዕቃ አይሞክርም። እኔ ግን ኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ ከገባሁ ገና ሁለት ወሬ ነበር። እንጨት ማንደድ አይታሰብም፣ በረንዳ ላይ ከሰል ባቀጣጥል ጭሱ ቀጥ ብሎ የላይኛዋ ጎረቤቴ የተሰጣ ልብስ ላይ ነው የሚወጣው፣ ግቢው ውስጥ ያለው የጋራ ማብሰያ ቤት ደግሞ በዓል ሲደርስ ግማሹ በግ እያረደ ግማሹ እንጀራ እየጋገረ ወረፋው አይቀመስም። እህቴ "ምን አስጨነቀሽ፣ ከዳቦ ቤት ግዢና ተገላገይ" አለችኝ። የበዓል ድፎ ከዳቦ ቤት! እሷም ብትሆን ይህን ያለችው እማዬ አጠገቧ አለመኖሯን አይታ ነው።

ስለዚህ ገዛሁ። የሱቁን ስም አልጽፍም፣ ኋላ እንደማወራው ትንሽ ተቀያይመናል። ዋጋውንም አልጽፍም፣ ይህን እስክታነቡት ይቀየራል።

ዕቃው ክብ ነው፣ አሉሚኒየም፣ ከእንጀራ ምጣድ ጠበብ ብሎ እንደ ድስት ጠለቅ ያለ። ከሥሩም ከክዳኑም ውስጥ የሚግል ሽቦ አለው፤ ሻጮቹ "ላይና ታች" የሚሉት ለዚህ ነው። ለየብቻቸው ማብሪያ አላቸው፣ ሲበሩ ትንንሽ ቀይ መብራት ይታያል። በቃ። ሙቀት መቀነሻ የለው፣ ደወል የለው። ከጎኑ የተለጠፈው ወረቀት 2000 ዋት ይላል። ነገሩ እንኳ አዲስ ብልሃት አይደለም። አያቴ ሊጡን በኮባ ጠቅልላ፣ ምጣድ ላይ አድርጋ፣ በብረት ከድና ክዳኑ ላይ ፍም ትከምርበት ነበር። ያው ከላይ ከታች እሳት ነው። ልዩነቱ፣ አያቴ ፍሙን በመቆስቆሻ ገፋ መለስ እያደረገች ሙቀቱን ታስተካክላለች፣ ይሄኛው ግን ወይ በርቷል ወይ ጠፍቷል።

የመጀመሪያው ድፎ ጉድ ሠራኝ። ሁለት ኪሎ ፉርኖ ዱቄት፣ እርሾ፣ ጨው፣ ትንሽ ስኳር፣ ዘይት፣ ጥቁር አዝሙድና የተፈጨ ኮረሪማ፣ ሁሌ እንደማደርገው ለብ ባለ ውሃ ቀጠን አድርጌ አቦካሁ። ሊጡ ኩፍ ብሎ ከሳፋው ሊወጣ ደረሰ። ኮባውን አጥቤ፣ ወፍራሙን አከርካሪ በቢላዋ ልጬ፣ እንዳይሰነጠቅብኝ እሳት አስነክቼ ለብለብ አደረግኩና አነባብሬ አነጠፍኩት። ሊጡን ገለበጥኩ፣ በእርጥብ እጄ ላዩን አስተካከልኩ፣ ክዳኑን ገጠምኩ፣ ሁለቱንም አበራሁ። ሰውየው ሱቁ ውስጥ "ሁለቱንም ታበሪያለሽ፣ በ40 ደቂቃ ትበያለሽ" ነበር ያለኝ። በ20 ደቂቃ ቤቱ በጢስ ታጠነ። ሊጡ ተነሥቶ ተነሥቶ የክዳኑን ሽቦ ነክቶታል፣ ተርፎ የወጣው የኮባ ጫፍ ነዷል። ሳነሳው ላዩ ከሰል፣ ውስጡ ሊጥ። የከሰለውን በቢላዋ ፋቅ ፋቅ አድርጌ፣ በታቹ ብቻ ሌላ ግማሽ ሰዓት አቆየሁትና "እንግዲህ የመጣው ይምጣ" ብዬ ተኛሁ።

የመጣው በማግስቱ መጣ። መስከረም 1 ጠዋት አማቾቼ እኛ ቤት ነበሩ። የባለቤቴ አባት ተነሥተው ጸሎት አደረሱ፣ ዳቦውን በቢላዋው አማተቡና መቁረስ ጀመሩ። ቢላዋው መሐል ሲደርስ ያዘ አደረገው። ሲያወጡት ሊጥ ለብሶ ወጣ። ምንም አላሉም። ቢላዋውን በፎጣው ጠረግ አድርገው፣ ከዳር ከዳሩ ብቻ እየቆረሱ ለሁላችንም አደሉና "ከዓመት ዓመት ያድርሰን" አሉ። አማቴም ጎረስ አድርገው "ኮረሪማው እንዴት ይጣፍጣል" አሉኝ። ድፎ ጋግራችሁ ኮረሪማው ብቻ ከተመሰገነላችሁ፣ እንግዲህ ገብቷችኋል።

ከዚያ እልህ ያዘኝ። አንድ ወር ሙሉ እሁድ እሁድ ስጋግር ከረምኩ፣ የባለቤቴ ቁርሱም መክሰሱም ድፎ ሆነ። የደረስኩበትን ልንገራችሁ፣ ከዕቃው ጋር የተሰጠኝ ወረቀት ላይ አንዱም የለም። ሊጡ ከጎድጓዳው ግማሽ ማለፍ የለበትም፤ በእኔው መጠን አንድ ኪሎ ከሩብ ዱቄት ይሆናል። መጀመሪያ ታቹን ብቻ ለ10 ደቂቃ አሙቁት። ሊጡ ከገባ በኋላም በታች እሳት ብቻ 35 ደቂቃ ይቆይ። ላዩ የሚበራው በመጨረሻ ነው፣ 10 ደቂቃ፣ ቢበዛ 12፣ ያውም አጠገቡ ቆማችሁ። ላዩ ቀድሞ ከደረቀ ሊጡ ሽቅብ መነሣት ያቅተዋል፣ በጎን ይሰነጠቃል፣ ውስጡም ታፍኖ ይቀራል። የአማቾቼ ዳቦ እንዲያ ነበር የሆነው። ከላይ የምታለብሱት ኮባ ካለ ላዩን ከማብራታችሁ በፊት አንሡት። ዙሪያውን የሚንዘረፈፈውንም በመቀስ ከርክሙት፤ እንደዚያ ተንዘርፍፎ እንደሚያምር አውቃለሁ፣ ግን ይነዳል።

አንድ እሁድ ኮባ አጥቼ በመጋገሪያ ወረቀት ሞከርኩ። በስሏል፣ ለስልሷል፣ ግን ዳቦ ነው እንጂ ድፎ አይደለም። ሽታው የለም፣ ጀርባው ላይ የሚታተመው የቅጠሉ መስመር የለም። ቨርጂኒያ ያለችው ታናሼ ከእስያ ምግብ ሱቅ በረዶ የሆነ የሙዝ ቅጠል እየገዛች በኦቨን ትጋግራለች፣ "ምንም አይልም" ትላለች። ምንም አይልም ማለት ምን ማለት እንደሆነ እናውቃለን።

ገና ሲደርስ ኩኪስና ኬክ አማረኝ። ካርቶኑ ላይ ኬክም ኩኪስም ፒዛም ተሥሏላ! የበዓል ጣፋጭ እኛ ቤት ድሮ አልነበረም፣ ዳቦውና ጠላው ነበር የበዓሉ ወግ፣ አሁን ግን ልጆች ቡና ሲፈላ ከፈንዲሻው ጎን ኩኪስ ካላዩ ያኮርፋሉ። ችግሩ የገና ጾም 43 ቀን ነው፣ ኩኪሱ ደግሞ ቅቤና እንቁላል አለው፣ ስለዚህ ጋጋሪዋ መቅመስ አትችልም። የጎረቤቴን የስድስት ዓመት ልጅ ቀማሽ አድርጌ ሾምኩት። ዳኝነቱ አያስተማምንም። አሮ የወጣውንም "ይጣፍጣል፣ እስቲ አንድ ድገሚኝ" ይላል።

ማረሩ እንኳ የሚያስቅ ነበር። የታችኛው ሽቦ ጥምዝምዝ ቅርጹ ኩኪሱ ሥር እንደ ማኅተም ታትሞ ወጣ። ሙቀቱ ሽቦው ባለፈበት ብቻ ነው የሚበረታው። ወፍራም ሊጥ ይህን ይችለዋል፣ ስስ ኩኪስ አይችለውም። መፍትሔውን ያገኘሁት ከእማዬ ቤት ካመጣሁት የተሰበረ የሸክላ ምጣድ ነው። ስባሪዎቹን ከሥር ደርድሬ፣ በላያቸው ቀጭን ትሪ አስቀምጬ ኩኪሱን እዚያ ላይ አደረግኩ። ሸክላው ሙቀቱን እየዋጠ ለሁሉም እኩል ያካፍለዋል። ትንሽ ይዘገያል፣ አያርርም። ኬክ ግን ተስፋ አስቆርጦኛል። እንቁላል የሌለው የጾም ኬክ፣ በዘይት፣ በብርቱካን ጭማቂና በሶዳ የሚሠራው፣ ሦስት ጊዜ ሞክሬዋለሁ። በማጠፊያው በኩል ያለው ጎን ሁሌ ቀድሞ ይነሣል፣ ሌላው ይተኛል፤ ላዙረው ብላችሁ መሐል ላይ ከከፈታችሁት ደግሞ ሁሉም እጥፍ ይላል። ለኬክ ብላችሁ አትግዙት።

አሁን ወደ ፋሲካው። እማዬ ከደብረ ብርሃን መጣች። ገና ነጠላዋን ሳታወልቅ ወጥ ቤት ገባችና "እሱ ነው?" አለች፣ ክዳኑን በጣቷ እያንኳኳች። በኤሌክትሪክ የተጋገረ ድፎ አይዋጥላትም። ቅዳሜ ማታ አንድ ሰዓት ላይ ሊጡን አስገባሁ። 25 ደቂቃ እንደሄደ መብራት ጠፋ። ሰፈሩ በሙሉ ድርግም አለ፣ እማዬ ጨለማው ውስጥ "እኔ አልነካሁትም" አለች።

ልከፍተው ስል እጄን ያዘችኝ። "ተይ፣ እንፋሎቱን አታባክኚው።" ገመዱን ነቀልኩ፣ ሻማ ለኮስን፣ እሷ ለዶሮው ሽንኩርት መክተፏን ቀጠለች፣ እኔ ሰዓት እያየሁ ቁና ቁና ተነፈስኩ። መብራቱ የመጣው ከ50 ደቂቃ በኋላ ነው። አሉሚኒየሙ ያኔም እጅ አያስነካም ነበር፤ ለዚህስ ላመሰግነው ይገባል፣ ሙቀት ሲይዝ ይይዛል። ታቹን 15 ደቂቃ፣ ላዩን 12 ደቂቃ ሰጠሁት። ስንጥር ልወጋው ስል እማዬ በሁለት ጨርቅ አንሥታ ገለበጠችው፣ ኮባውን ከጀርባው ገለጥ አደረገች፣ ጆሮዋን አስጠግታ በጣቷ አጥንት መታ መታ አደረገችው። እንደ ባዶ ሣጥን ድም ድም ካለ በስሏል፣ ድምፁ ከታፈነ ሊጥ ይዟል። መሐሉን መታች፣ ዳሩን መታች፣ መሐሉን ደገመች። "ደርሷል።" በንጹሕ ጨርቅ ጠቅልላ ሰፌድ ላይ አስቀመጠችውና ለቤተ ክርስቲያን ልብሷን ልትለብስ ሄደች። በማግስቱ ሲቆረስ መሐሉ ትንሽ ድፍን ብሏል፣ ቢላዋው ግን ንጹሕ ወጣ። እኔ የማየው እሱን ነበር።

ከዚያ በፊት ለኢድም ጋግሬበታለሁ። እታች ያሉት ሙስሊም ጎረቤቶቻችን ባቅላባ ልከውልን ነበር፣ ሳህን ደግሞ ባዶውን አይመለስም። ባቅላባውን ለፋሲካ ደበቅኩት፣ የተረፈው ስንት እንደሆነ አትጠይቁኝ፣ ቀማሹ ልጅ መደበቂያዬን ያውቃል።

ቡሄ ላይ ሙልሙል ሞከርኩ። በአንድ ጊዜ የሚይዘው ሰባት ነው፣ ሆያ ሆዬ የሚሉት ልጆች ደግሞ ሰባት ሰባት ሆነው አይመጡም። ሁለተኛውን ዙር ሳላወጣ ደረጃው በዱላ ተናጋ። ብር ሰጥቼ ሸኘኋቸው፤ የዛሬ ልጆች ደግሞ ምን ቆርጧቸው ይከፋሉ።

እንከኖቹ። ገመዱ አጭር ነው፣ ማከፋፈያ ላይ ስሰካው ማከፋፈያው ጋለና ፕላስቲክ ፕላስቲክ ሸተተኝ፤ ቀጥታ ግድግዳው ላይ ብቻ ሰኩት። ከእንጀራ ምጣድ ጋር አብራችሁ ከከፈታችሁት ብሬከር ይጥላል። የክዳኑ እጀታ በጨርቅ ካልሆነ አይያዝም። በስድስተኛው ወር የማጠፊያው ብሎን ላላና ክዳኑ በአንድ ጎን ክፍት ይል ጀመር። ወደ ሱቁ ይዤ ሄድኩ። "የአንድ ዓመት ዋስትና አለው" ያለኝ ያው ሰውዬ "ዋስትናው ለሽቦው ነው፣ ለብሎን አይደለም" አለኝ። ተጨቃጨቅን፣ ደረሰኝ አሳየሁት፣ ደረሰኙን አገላብጦ አየና መልሶ ሰጠኝ። መጨረሻ ላይ ምናለሽ ተራ ብረት የሚሠራ ልጅ በአንድ ቡና ዋጋ ወፍራም ብሎን አስገባልኝ። እስከ ዛሬ ንቅንቅ አላለም።

ታዲያ ልግዛው ወይ ለምትሉኝ፣ ፎቅ ላይ ከሆናችሁና የምትፈልጉት ድፎ ወይም አምባሻ ከሆነ ግዙ፣ እኔ ዳግመኛም እገዛዋለሁ። ግቢ ያላችሁ፣ ኮባና ፍም ያላችሁ፣ ምን በወጣችሁ። ስትገዙ ግን ሱቁ ውስጥ አሰክታችሁ ሁለቱም ሽቦ ዙሪያውን እኩል መጋሉን እዩ፣ ብሎኖቹን በእጃችሁ ነካ ነካ አድርጉ፣ ከዚያ ክዳኑን አስዘግታችሁ ጎንበስ ብላችሁ ከጎን ተመልከቱት። ብርሃን ሾልኮ ከታያችሁ ሌላ አስወጡ። እኔ ያን ቀን ቸኩዬ ነበር፣ ጎንበስ አላልኩም።