ጎንደር ያላችሁ ወላጆች፣ እኚህን መምህር እንዳታልፏቸው

ሰላም ጤና ይስጥልኝ። እዚህ ብዙ አልጽፍም፤ ዛሬ ግን ሳላመሰግን ባድር እንቅልፍ አይወስደኝም።

ሰባተኛ ክፍል ያለች ልጅ አለችኝ። ሰኔ 14 ቀን 2012 ዓ.ም. እሁድ ጠዋት ፀሐይ የተጋረደች ዕለት ገና ትንሽ ነበረች፤ "እማ፣ ፀሐይን ማን ገመጣት?" አለችኝ። ከዚያ ወዲህ ዓይኗ ሰማይ ላይ ነው። እኔ በርበሬና ሽሮ ነጋዴ ነኝ፣ ምን ብዬ ልመልስላት?

አስጠኚ ቀጠርኩላት። ስም አልጠራም፣ እግዜር ይይለት። የወሩን ብር አስቀድሞ ተቀብሎ "የፕላኔቶቹን ስም ሃምሳ ጊዜ ጻፊ" ይላትና ስልኩን ይጎረጉራል። አንድ ቀን "ፀሐይ ኮከብ ከሆነች ለምን ማታ አትታይም?" ብላ ጠየቀችው። ሳቀባት። ለሌሎቹም ልጆች ነገራቸው፣ እነሱም ሳቁባት። ያን ቀን ራቷን ሳትበላ ተኛች፤ ሁለት ወር ሙሉ ጥያቄ የሚባል ከአፏ አልወጣም። ሁለተኛው አስጠኚማ ሁለት ቀን መጥቶ ቀረ፣ ብሩም አብሮት ቀረ።

እኚህን መምህር ያገኘኋቸው በጎረቤት በኩል ነው፤ ጡረታ ወጥተዋል። በስንት ጉትጎታ ያችኑ ጥያቄ በሹክሹክታ ጠየቀቻቸው። መነጽራቸውን አውልቀው "ይህን የሚጠይቅ ተማሪ ካየሁ ስንት ጊዜዬ!" አሉና ሻማ አስመጡ። ሻማው ፀሐይ፣ እሷ መሬት ሆነች። ቀስ አድርገው አዞሯት። ጀርባዋን ስትሰጠው "አሁን መሸ። ፀሐይስ የት ሄደች?" "የትም!" ብላ ስትስቅ እኔ በር ላይ ቆሜ እንባዬ መጣ።

በሌላ ቀን ትርንጎና አንዲት ፍሬ ጤፍ ጠየቁኝ። ትርንጎው ፀሐይ ነው፣ ጤፏ እኛ ያለንባት መሬት። ከበራችን 12 ሜትር ያህል ሄደው ጤፏን አስቀመጡ። ጁፒተር የሽምብራ ፍሬ ሆኖ 60 ሜትር ላይ ቆመ፤ ኔፕቱን ምስር ሆኖ 350 ሜትር ሄደ። የሳሙና በር ሰፈር ሰው ሁሉ "ምን ጠፋቸው?" እያለ ያየናል። "ጎረቤታችን ኮከብ፣ አልፋ ሴንታውሪስ?" ስትላቸው "ሌላ ትርንጎ ገዝተን ኢስታንቡል እናስቀምጣለን!"

ኅዳር ላይ ደግሞ በጥናት ሰዓት መብራት ጠፋ። ዛሬስ ቀረ ስል "እሰይ!" ብለው ግቢ አወጡን። ፍኖተ ሐሊብን አሳዩን፤ የራሳችን ጋላክሲ፣ ፀሐያችን ያለችበት የከዋክብት መንጋ ናት። ከዚያ ጭስ የመሰለች ነጠብጣብ፦ አንድሮሜዳ የምትባል ሌላ ጋላክሲ። ስሟ ግሪኮች በተረታቸው የኢትዮጵያ ንጉሥ ልጅ ካሏት የመጣ ነው። ብርሃኗ እኛ ዘንድ ለመድረስ 2.5 ሚሊዮን ዓመት ይፈጅበታል። የብርሃን ዓመት ርቀት እንጂ ጊዜ አይደለም የሚሉት ነገር እስከ ዛሬ አልገባኝም። ልጄ ገብቷታል፣ ይበቃኛል።

ጋሼ፣ ዕድሜ ከጤና ይስጥልኝ! ወላጆች፣ ልጅ ያላችሁ ላኩ፣ ኋላ እንዳይቆጫችሁ። ስሜና ስልኬ አደባባይ አይውጣ ስላሉኝ በውስጥ መስመር ጻፉልኝ፤ አስፈቅጄ አገናኛችኋለሁ። ቅዳሜ ከሰዓት ያላቸው ቦታ ጥቂት ነው፣ ፍጠኑ። ትርንጎም ከወዲሁ ግዙ። የእኛው ደርቋል፤ ልጄ አይጣልብኝ ብላ መስኮት ላይ አስቀምጣዋለች።