6÷2(1+2) እና ካሲዮ ክላስዊዝ ኤፍኤክስ-991ኢኤክስ፦ ከስምንት ወር በኋላ

6÷2(1+2) ስንት ነው? ፌስቡክ ላይ በየጊዜው ሰው የሚጨቃጨቅበት ጥያቄ ነው። ጭቅጭቁ ግን የአጻጻፍ እንጂ የሒሳብ አይደለም። በ2 እና በቅንፉ መካከል የማባዛት ምልክት የለም፤ ሁለቱን እንደ አንድ የሚያይ 1፣ ከግራ ወደ ቀኝ የሚሄድ 9 ያገኛል። ቲአይ-82 ካልኩሌተር 1 ሲል ቲአይ-83 9 ይላል፣ ለምን እንደሆነ ስክሪኑ ላይ ምንም ሳያሳዩ።

የካሲዮው ካልኩሌተር ክላስዊዝም መልሱ 1 ነው። ዋጋ ያለው ግን አመላለሱ ነው፦ እኩል ሲጫን የተጻፈውን መስመር ራሱ 6÷(2(1+2)) አድርጎ ያሳያል። እንዴት እንደተረዳን አየን ማለት ነው። ሐሳባችን ያ ካልነበረ ተመልሰን × እናስገባለን፤ 9 ይመጣል። ቅር የሚለው፣ ቅንፉ የሚመጣው ከእኩል በኋላ መሆኑ ነው፤ ያኔ ዓይን መልሱ ላይ ነው።

ይህ ደግነት ለነጌቲቭ አልተረፈም። −2² ብንጽፍ ቅንፍ ሳይጨምር −4 ይላል። የሒሳብ ልማዱ ይኸው ነው፤ ኤክሴል ግን =-2^2 ሲባል 4 ስለሚል፣ ከአንዱ ወደ ሌላው ሥራ የሚያሻግር ሰው ምልክት ይሳሳታል። (−2)² ብሎ መጻፍ ሁለቱም ላይ ያስማማል።

ብዙ ሰው የሚጠመደው ሳይን ላይ ነው። ቁልፉ ሲጫን መክፈቻ ቅንፉ አብሮ ይመጣል፣ መዝጊያው የእኛ ሥራ ነው። በዲግሪ ሳይን(30)² ብለን ከዘጋን 1/4 እናገኛለን። ሳንዘጋ ሳይን(30² ብለን እኩል ብንጫን ዝም ብሎ ይቀበልና የ900 ዲግሪን ሳይን፣ ማለትም 0 ይሰጣል። ስህተት የሚል መልእክት የለም። የሳይን ተገላቢጦሽም እንዲሁ ነው፦ በሺፍት የሚመጣው ሳይን⁻¹ አንግል ፈላጊ ነው፤ 1 ሲካፈል ለሳይን 30 ለማግኘት ቅንፉን ዘግቶ የ⁻¹ን ቁልፍ መጫን ያስፈልጋል፣ መልሱም 2 ነው።

ክፍልፋይ ላይ ነገሩ ንጹሕ ነው። 2 ጽፈን የክፍልፋይ ቁልፉን ስንጫን 2 ላዕል ይሆናል፤ ለ2½ ግን በሺፍት የሚመጣ የራሱ ቦታ አለው። 2 ሲባዛ በ½ ጋር አይምታታም።

ሳይን 30 −0.988 ካለ ራዲያን (ከዲግሪ ሌላ የሆነው የአንግል መለኪያ) ላይ ነው፤ ከላይ ያለችውን ትንሽ ምልክት ማየት ነው። ሺፍት፣ ሜኑ፣ 2፣ 1 ወደ ዲግሪ ይመልሳል። ሁሉም ከተዘበራረቀ ሺፍት፣ 9፣ 3፣ እኩል ነው። የሰው ካልኩሌተር ከሆነ ግን በ3 ፈንታ 1ን ይጫኑ፤ ባለቤቱ ያስቀመጣቸው ቁጥሮች አይጠፉም።