የመድኃኒት ዘረመል ምርመራ፦ ውጤቱ ጠቃሚ፣ አገልግሎቱ ጎዶሎ

ባለፈው ዓመት እዚህ ሜሪላንድ ውስጥ ጥርስ ከተነቀልኩ በኋላ የወሰድኩት አንድ ፍሬ የኮዴይን ክኒን ቀኑን ሙሉ ሲያፈዘኝና ሲያስመልሰኝ ስለዋለ፣ የቤተሰብ ሐኪሜ ሰውነቴ መድኃኒትን እንዴት እንደሚያስተናግድ የሚያሳይ የዘረመል ምርመራ አዘዘችልኝ። ናሙናው እዚያው ክሊኒክ ከጉንጬ ውስጥ በጥጥ ተጠርጎ ተወሰደ፤ ውጤቱ በአሥራ ሁለተኛው ቀን ደረሰ። ኢንሹራንሴ አልሸፍንም ስላለ 249 ዶላር ከኪሴ ከፍያለሁ።

ገንዘቡ እንዳይቆጨኝ ያደረገው ሲዋይፒ2ዲ6 ስለሚባለው ዘረመል የሚያወሳው ገጽ ነው። ኮዴይን ሕመም የሚያስታግሠው ይህ ዘረመል የሚያስገኘው የጉበት ኢንዛይም ወደ ሞርፊን ሲለውጠው ነው፤ እኔ ግን የዘረመሉ ትርፍ ቅጂ ስላለኝ ለውጡ ከልክ በላይ ይፈጥናል። እ.ኤ.አ. በ1996 የታተመ ጥናት ትርፍ ቅጂውን ከመረመራቸው ኢትዮጵያውያን 29 በመቶ በሚሆኑት ላይ ያገኘ ሲሆን፣ በስዊድናውያን ዘንድ ግን ድርሻው ከጥቂት በመቶ አያልፍም። ትራማዶል የሚባለው ሌላ የሕመም ማስታገሻም ኃይሉን የሚያገኘው በዚሁ ኢንዛይም ነው። የአሜሪካ የምግብና የመድኃኒት አስተዳደር እ.ኤ.አ. በ2017 የሚያጠቡ እናቶች ሁለቱንም እንዳይወስዱ ያሳሰበው በዚህ ምክንያት በመሆኑ፣ ገጹን መጀመሪያ የላክሁት አራስ ለሆነችው እኅቴ ነው።

የቀረው ክፍል ግን ይህን ያህል አያስተማምንም። የድብርት መድኃኒቶች በአረንጓዴ፣ በቢጫና በቀይ ቀለም የተደረደሩት ማስረጃቸው እኩል የጠነከረ ይመስል ነው፤ አስተዳደሩ ግን እ.ኤ.አ. በ2018 ብዙዎቹ እንዲህ ያሉ ትንበያዎች በበቂ ጥናት እንዳልተደገፉ አስጠንቅቋል። ከሁሉ የከፋው፣ የሞላሁት ቅጽ የምወስዳቸውን መድኃኒቶች አንድም ቦታ አለመጠየቁ ነው። ፓሮክሲቲን የተባለው የድብርት መድኃኒት ይህንኑ ኢንዛይም ስለሚያፍን፣ በዘረመሉ ፈጣን የሆነ ሰው መድኃኒቱን እየወሰደ ሳለ ዘገምተኛ ሆኖ ሊገኝ ይችላል፤ ይህን የነገረችኝ ግን የሠፈራችን ፋርማሲስት እንጂ የከፈልኩበት ሪፖርት አይደለም።

ለምርመራው ከአምስት አራት፣ ለአገልግሎቱ ሁለት እሰጣለሁ። ሪፖርቱ ስካን ተደርጎ ክሊኒኩ መዝገብ ውስጥ ከመቀመጥ በቀር ወደ ፋርማሲው ስለማይደርስ፣ ገጹን በስልኬ ፎቶ አንሥቼ ለፋርማሲስቷ አሳየኋት፤ እሷም ኮዴይንና ትራማዶልን «አለርጂ» በሚለው ሣጥን ውስጥ በእጇ ጻፈችልኝ፤ ሌላ የሚጻፍበት ቦታ አልነበረም።