«ጉበት ያጸዳል» ብለው የሸጡልን ዱቄት

ታናሽ እህቴ ሳዑዲ ለመሄድ ሁሉን ነገር ጨርሳ ነበር። ፓስፖርት ወጣ፣ ሥልጠናው አለቀ። የጤና ምርመራው ብቻ ቀረ። ውጤቱ «አንፊት»፣ ማለትም ለሥራ ብቁ አይደለችም፣ ሆኖ መጣ። ደሟ ውስጥ ጉበትን የሚያጠቃው የሄፓታይተስ ቢ ቫይረስ ተገኘ። ሳዑዲ ደግሞ ይህ ቫይረስ ያለበትን ሠራተኛ አትቀበልም። እሷን ግን ምንም አያማትም ነበር። ብዙ ሰው እንዲህ ነው፤ ቫይረሱ ምንም ምልክት ሳያሳይ ለዓመታት ይቀመጣል።

ይህን የምጽፈው የጉበት ቫይረስ አለባችሁ ለተባላችሁና ቤተሰብ ለታመመባችሁ ነው። የሚያጠምዷችሁ ልክ በዚያ ሰሞን ነውና።

እህቴን እዚያው ምርመራ ስትጠብቅ ያገኘቻት ልጅ የቴሌግራም ቻናል ሰጠቻት። «በ45 ቀን ቫይረሱን ከደም ጠራርጎ ያወጣል፣ መቶ በመቶ ከተፈጥሮ» ይላል። ደወልን። ያነሳው ሰው ትሕትናው ሌላ ነው። «አይዞሽ እህቴ፣ ስንቷን ነው ኔጌቲቭ አድርገን የላክናት» አላት። ዋጋው 14 ሺህ ብር ነው። ግማሹን እናቴ ከዕቁቧ አወጣች፣ ግማሹን እኔ ሞላሁ። ብሩ የገባው በግለሰብ አካውንት ነው። ዕቃውን በሞተር አመጡት፤ ሁለት ብልቃጥ ቡናማ ዱቄትና አንድ ብልቃጥ እንክብል። ውስጡ ምን እንዳለ አልተጻፈበትም። ማን እንደሠራው፣ መቼ እንደሚያበቃ የሚል ነገር የለውም። ያኔ መመለስ ነበረብን። አልመለስንም።

በሦስተኛው ሳምንት ሻጩ «አሁን የማጽጃው ቀን ነው» አላት። ከቀትር በኋላ ምንም እንዳትበላ፣ ማታ ግማሽ ብርጭቆ የወይራ ዘይት ከሎሚ ጭማቂ ጋር እንድትጠጣ አዘዛት። ጠዋት ስትጸዳዳ አረንጓዴ ጠጠሮች ወጡ። የአተር መጠን አላቸው፣ ለስለስ ያሉ ናቸው። ፎቶ አንስታ ላከችለት። «የጉበትሽ ጠጠርና ቆሻሻ ነው፣ እግዚአብሔር ይመስገን» አላት። እናቴ እልል አለች። እኔም አመንኩ። በዓይን የታየ ነገር እንዴት ይካዳል?

ጠጠሮቹ ከጉበት የመጡ አልነበሩም። የተሠሩት በዚያች ሌሊት እዚያው አንጀቷ ውስጥ ነው። ዘይቱ ከሎሚው ጭማቂና ከምግብ መፍጫ ፈሳሽ ጋር ተዋህዶ ሳሙና መሰል ነገር ይሆንና ይድቦለቦላል። እ.ኤ.አ. በ2005 ላንሴት በተባለው የሕክምና መጽሔት ላይ ሐኪሞች ይህንኑ አውጥተዋል። አንዲት የ40 ዓመት ሴት እንዲሁ ዘይትና ሎሚ ጠጥታ ያወጣችውን ጠጠር ላቦራቶሪ አስገቡት። እውነተኛ የሐሞት ጠጠር ላይ የሚገኘው ኮሌስትሮል የለበትም፣ ካልሲየምም የለበትም። 40 ዲግሪ ላይ ሲያሞቁት ቀልጦ አረንጓዴ ዘይት ሆነ። ማንኛችንም፣ ጉበታችን ጤነኛ ቢሆን እንኳ፣ ያንን ብንጠጣ እንዲህ ያለ ጠጠር ልናወጣ እንችላለን። ለዚህ ነው ሁሉም ደንበኛ «ሠራልኝ» የሚለው።

በአምስተኛው ሳምንት ዓይኗ ቢጫ ሆነ። ሽንቷ እንደ ሻይ ጠቆረ፣ ምግብ ሸተታት። ስንደውልለት «ቆሻሻው እየወጣ ነው፣ መጠኑን ጨምሪ» አላት። ይህችን ቃል አደራ አስታውሱልኝ። የዓይን ቢጫ መሆን የጉበት መጎዳት ምልክት ነው። በዚያ ሰዓት «ጨምሪ» የሚል ሰው የሰው ሕይወት ግድ የለውም።

ሆስፒታል ወሰድናት። ጉበት ሲጎዳ ደም ውስጥ የሚጨምሩት የጉበት ኢንዛይሞቿ እጅግ አሻቅበው ነበር። ሐኪሟ ዱቄቱን አምጡ አሉን፣ አይተው እዚያው አስቆሟት። ሁለት ወር ገደማ ፈጅቶ ዓይኗ ነጣ። ቫይረሱ ግን እንዳለ ነው።

«ከተፈጥሮ ነው፣ አይጎዳም» የሚለውን ነገር ሐኪሟ በሚገባ አስረዱን። እ.ኤ.አ. ከ2001 ጀምሮ በሰሜን ምዕራብ ትግራይ አንዲት መንደር ሰው ሆዱ እያበጠ በጉበት በሽታ አለቀ። ሲጣራ የተገኘው ከእህል ጋር የሚቀላቀል አረም መርዝ ነው። አረምም ተፈጥሮ ነው። እርድ እንኳ ወጥ ውስጥ ሲገባ ችግር የለውም፤ ተጨምቆ በእንክብል ሲሸጥ ግን እ.ኤ.አ. በ2019 ጣሊያን ውስጥ ሰዎች ጉበታቸው ተቆጥቶባቸዋል። የአረንጓዴ ሻይ ጭማቂ እንክብልም እንዲሁ ነው። ጉበት የምንውጠውን ሁሉ የሚያጣራ ነው። ያልታወቀ ነገር ስንጭንበት እሱኑ ነው የምንጎዳው።

ቫይረሱን ከደም የሚያጠፋ ዱቄት የለም። ሆስፒታል የሚሰጠው ኪኒን፣ ለምሳሌ ቴኖፎቪር፣ ቫይረሱን አፍኖ ይይዘዋል። ሁሉም ሰው ኪኒን አያስፈልገውም፤ እህቴ ለጊዜው ክትትል ብቻ ነው የተባለችው። ኪኒን የጀመራችሁ ካላችሁ ግን እባካችሁ በሻጭ ቃል አታቁሙ። ድንገት ሲቆም ቫይረሱ ሊያገረሽና ጉበትን ክፉኛ ሊጎዳ ይችላል። እኔና እናቴ ተመርምረን ነፃ ስለሆንን ክትባቱን በሦስት ዙር ወሰድን። የዚያ ሁሉ ዋጋ ከዱቄቱ ጋር አይወዳደርም።

ስለ ምግብም ጠየቅናቸው። የተለየ ነገር አላዘዙም። አልኮል እርም፣ ለስላሳና ስኳር መቀነስ፣ ውፍረት ካለ ማውረድ። የሻገተ ኦቾሎኒና እርጥበት የነካው በርበሬ ቤት እንዳይገባ አሉን፤ ሻጋታው የሚያመነጨው አፍላቶክሲን የጉበት ካንሰር ያመጣል። ጫት ለጉበት ጥሩ አይደለም። ቡናዋን ግን አልከለከሏትም፤ ቡና የሚጠጡ ሰዎች ጉበታቸው ሲጎዳ ያነሰ ነው የሚታየው አሉን። እናቴ ይህን ስትሰማ ለመጀመሪያ ጊዜ ሳቀች።

ብራችንን ስንጠይቅ ሰውየው ዘጋን። ቻናሉም ጠፋ። ባለፈው ሳምንት ጎረቤታችን አንድ ቻናል አሳየችኝ፣ ስሙ ሌላ ነው። ከላይ የተለጠፈው ፎቶ እህቴ የላከችው ነው፤ የእኛው ሰማያዊ ሳህን ነው። «የደንበኛችን ውጤት» ይላል። ያንን ፎቶ ካያችሁ፣ የምታዩት ዘይትና ሎሚ ነው።