ኡትሲራ ደርሶ መልስ አይሆንም

ኖርዌይ ሄዳችሁ ኡትሲራ የምትባለውን ትንሽ ደሴት ለማየት ካሰባችሁ መጀመሪያ ስለ መርከቧ ስሙኝ። የምትነሳው ከሃውገሱንድ ከተማ ነው፤ ጉዞው ከአንድ ሰዓት ትንሽ ይበልጣል። ደሴቱ ከዳርቻው 18 ኪሎ ሜትር ገደማ ስለሚርቅ ሲሰሙት ምንም አይመስልም፤ ግን ዳር ዳር ያሉትን ደሴቶች ካለፋችሁ በኋላ ነፋሱን የሚገታ ነገር ስለሌለ የሰሜን ባሕር ማዕበል እንዳሻው ያላጋችኋል። ሆዳችሁ ቶሎ የሚረበሽ ከሆነ ኪኒኑን ከመሳፈራችሁ በፊት ዋጡ። መናወጥ ከጀመረች በኋላማ ምን ዋጋ አለው!

ባሕሩ ሲከፋ ጉዞው ይቀራል፣ ስለዚህ በማግስቱ የሚበር ትኬት እንዳትቆርጡ። ለእኛ ሽርሽር ይሁን እንጂ የሱቁም ዕቃ፣ ሐኪም ቤት የሚሄደውም ሰው በዚችው መርከብ ነው የሚመላለሰው።

ደሴቱ 6 ካሬ ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፣ ነዋሪው 200 አካባቢ። እንዲህም ሆኖ የራሱ ከንቲባና ምክር ቤት አለው። እንደውም የኖርዌይ የመጀመሪያዋ ሴት ከንቲባ የተመረጠችው እዚሁ ነው፤ ኦሳ ሄልገሰን ትባላለች፣ አዋላጅ ነበረች፣ በፈረንጆቹ 1926 ሥራ ስትጀምር ምክር ቤቱ ውስጥ 11 ሴቶችና አንድ ወንድ ነበሩ። (ሰውዬው ስብሰባ ላይ ምን ይል እንደነበር ባውቅ ደስ ይለኛል።)

ሰሜንና ደቡብ ላይ አንድ አንድ ወደብ አለ፣ ነፋሱ ካንዱ ቢመጣ ሌላው ይከለላል። መሐላቸው ያለውን ሸለቆ በእግር ሂዱት። ዛፍ እምብዛም የለም። ያለ ሲሚንቶ የተደረደሩ የድንጋይ አጥሮች፣ በጎች፣ ከፍ ብሎ ደግሞ በፈረንጆቹ 1844 የተሠራው የመርከብ መሪ መብራት። ማማዎቹ ሁለት ናቸው፣ የሚበራው ግን አንዱ ብቻ ነው።

በመከር ከሄዳችሁ ካሜራና አቅርቦ ማያ መነጽር ያንጠለጠሉ ሰዎች የሰው ጓሮ ቁጥቋጦ ላይ አፍጥጠው ታገኛላችሁ። ነፋስ ከመንገዳቸው ያሳታቸው ወፎች እዚህ ያርፋሉ፤ እስካሁን ከ300 በላይ ዓይነት ተመዝግቧል። ስለ ወፍ ግድ የማይሰጣችሁ ብትሆኑ እንኳ አጠገባቸው ቁሙ፣ መነጽሩን ያቀብሏችኋል።

ከአምስት አራት ኮከብ ሰጥቻለሁ። አንዱን የቀነስኩት በምግቡ ነው፤ ምርጫ የለም፣ ሱቁ ከተዘጋ ደግሞ አለቀ። የምትበሉትን ከሃውገሱንድ ይዛችሁ ተሳፈሩ፣ ማደሪያችሁንም ቀድማችሁ ያዙ። ጠዋት ገብቶ ከሰዓት መውጣት ግን ይቅርባችሁ፣ ወገባችሁ ከመናወጡ ሳያገግም ነው የምትመለሱት።