«ብራሽለስ» እየተባሉ ስለሚሸጡ የሪሞት ጀልባዎች ማስጠንቀቂያ

የሪሞት ጀልባ መሥራትና ማሻሻል የትርፍ ጊዜ ማሳለፊያችሁ ለሆነ፣ እንዲሁም ለልጆቻችሁ አንዲት ለመግዛት ላሰባችሁ ሁሉ፦ በቴሌግራም ቻናሎች «ብራሽለስ ሞተር፣ በውሃ የሚቀዘቅዝ፣ 6000 ኤምኤኤች ባትሪ፣ በሰዓት 70 ኪሎ ሜትር» በሚል ማስታወቂያ ለሚሸጡ ጀልባዎች ገንዘባችሁን ከመክፈላችሁ በፊት ይህን እንድታነቡ እጠይቃለሁ። በዚህ ማስታወቂያ ከተሸጡት ውስጥ ሁለቱን፣ አንዷን የጎረቤቴ ልጅ፣ ሌላዋን አንድ የሥራ ባልደረባዬ ገዝተው ስላመጡልኝ፣ ብሎናቸውን ፈትቼ አይቻለሁ። ከተጻፉት አራት ነገሮች አንዱም እውነት ሆኖ አላገኘሁትም። (ብራሽለስ ማለት ኤሌክትሪክ የሚያቀብሉና እየተፋተጉ የሚያልቁ ብራሾች የሌሉት ሞተር ነው፤ ኤምኤኤች ደግሞ ሚሊ አምፒር-ሰዓት፣ ማለትም ባትሪው የሚይዘው መጠን መለኪያ ነው።) የሻጮቹን ስም የማልጠቅሰው ዕቃው በብዙ እጅ የሚዞር በመሆኑና አንዱን ቻናል መሸሽ ብቻውን ከኪሳራ ስለማያድን ነው።

ሞተሩን ለማጣራት ክዳኑን ከማንሳት ያለፈ ሙያ አያስፈልግም። ብራሽለስ ሞተር ከስፒድ ኮንትሮለሩ (የሞተሩን ፍጥነት ከሚቆጣጠረው ሰርኪዩት) የሚመጡለት ሽቦዎች ሦስት ሲሆኑ፣ ብራሽ ያለው ተራ ሞተር ግን ያሉት ሁለት ብቻ ናቸው። የጎረቤቴ ልጅ ጀልባ ሳጥኗም ጎኗም ላይ «ብራሽለስ» ተብሎ በወርቃማ ቀለም የተጻፈባት ብትሆንም፣ ውስጧ የተቀመጠው አንድ ቀይና አንድ ጥቁር ሽቦ የተበየደበት፣ በልጆች መኪና ውስጥ የምናውቀው ዓይነት ትንሽ ሞተር ነው። ተራ ሞተር መጥፎ ነው ማለቴ አይደለም፤ ለጀማሪ በቂ ነው፣ ብራሹ ሲያልቅም በትንሽ ገንዘብ ይቀየራል። ቅሬታዬ በተራው ሞተር ላይ የብራሽለስ ዋጋ መጠየቁ ነው፤ ልዩነቱም የሳንቲም አይደለም።

ሻጮች ጀልባዋን አስነስተው እንዲያሳዩ ሲጠየቁ «ውሃ ላይ ካልሆነች አትሠራም» ብለው ያሳልፋሉ። ይህ በራሱ ውሸት አይደለም፤ ብዙዎቹ ጀልባዎች ከሥራቸው ሁለት ትንንሽ የብረት ነጥቦች ያሏቸው ሲሆን፣ የልጅ ጣት በፕሮፔለር እንዳይቆረጥ ሲባል ውሃ ሁለቱን ነጥቦች ካላገናኛቸው በቀር ሞተሩ እንዳይዞር ተደርገው የተሠሩ ናቸው። ነገር ግን ለዚህ ሐይቅ መሄድ አያስፈልግም። አንድ ሳፋ ውሃ፣ እሱም ከሌለ በውሃ የራሰ ጨርቅ በሁለቱ ነጥቦች ላይ ማሳረፍ ይበቃል፤ እጅን ከፕሮፔለሩ ማራቅ ብቻ ነው የሚያስፈልገው። ይህን ከተነገረው በኋላም ለማስነሳት የማይፈቅድ ሻጭ የሚደብቀው ነገር አለው።

ስለ ፍጥነቱ ደግሞ ሒሳቡን ራሳችሁ መሥራት ትችላላችሁ። በብራሽለስ ሞተር ላይ ከ«ኬቪ» ጋር የሚጻፈው ቁጥር ሞተሩ ያለ ጭነት በእያንዳንዱ ቮልት በደቂቃ ስንት ዙር እንደሚዞር የሚገልጽ ነው። ስለዚህ 2000 ኬቪ የሆነ ሞተር በ11.1 ቮልት ባትሪ በደቂቃ 22,200 ዙር ይዞራል፤ ፕሮፔለሩ በአንድ ዙር 56 ሚሊ ሜትር ወደፊት የሚገፋ ከሆነም ውጤቱ በወረቀት ላይ በሰዓት 75 ኪሎ ሜትር ገደማ ይመጣል። ውሃው ላይ ሲወጣ ሞተሩ በጭነት ምክንያት ዙሩን ስለሚቀንስና ፕሮፔለሩም ስለሚንሸራተት እውነተኛው ፍጥነት ከዚህ በደንብ ያነሰ ይሆናል። በአንድ ዙር 35 ሚሊ ሜትር ብቻ የምትገፋ የፕላስቲክ ፕሮፔለር 70 ኪሎ ሜትር ላይ ለመድረስ ደግሞ ቅንጣት ሳትንሸራተት በደቂቃ ከ33,000 ዙር በላይ መዞር አለባት፤ ይህንንም በ7.4 ቮልት የሚሠራ ትንሽ ተራ ሞተር ውሃ እየገፋ ሊያደርገው አይችልም።

ትልቁ ማጭበርበር ያለው ግን ባትሪው ላይ ነው። በላስቲክ የተጠቀለለውን ባትሪ ስከፍተው ያገኘሁት ሁለት ክብ ሴሎችን ነው፤ እነዚህ 18 ሚሊ ሜትር ውፍረትና 65 ሚሊ ሜትር ርዝመት ያላቸው፣ በቁጥራቸው 18650 ተብለው የሚታወቁት ናቸው። የዚህ መጠን ሴል፣ ከታወቁት አምራቾች የሚወጣው ምርጡ እንኳ፣ የሚይዘው 3500 ኤምኤኤች አካባቢ ነው። ሁለቱ በተከታታይ ሲያያዙ የሚደመረው ቮልቱ ነው፤ 3.7 እና 3.7 ተደምሮ 7.4 ይሆናል፤ ኤምኤኤቹ ግን የአንዱ ሴል ያህል እንደሆነ ይቀራል። ስለዚህ በሁለት እንዲህ ዓይነት ሴሎች የተሠራ 7.4 ቮልት ባትሪ 6000 ኤምኤኤች ነው ማለት ሊሆን የማይችል ነገር ነው። ጤናማ ሴል ከ45 እስከ 50 ግራም የሚመዝን ሲሆን፣ እኔ ያወጣኋቸውን በወጥ ቤት ሚዛን ላይ ባስቀምጣቸው እያንዳንዳቸው 32 ግራም ሆነው ተገኙ።

ወደ ሊፖ (ሊቲየም ፖሊመር) ባትሪ ለመሸጋገር የምታስቡም በተመሳሳይ መንገድ እንዳትታለሉ። ባለ ሦስት ሴል፣ 5000 ኤምኤኤች የሆነ እውነተኛ ሊፖ ክብደቱ ብዙውን ጊዜ ከ350 ግራም አካባቢ ይጀምራል፤ ግማሹን ያህል የሚመዝን ከሆነ ግማሹን ያህል የሚይዝ ነው ብላችሁ ገምቱ። ለቻርጀር የምትሰካው ትንሿ ነጭ ሶኬትም ትመሰክራለች፤ የሽቦዋ ብዛት ከሴሎቹ በአንድ ስለሚበልጥ ባለ ሦስት ሴሉ ባትሪ አራት ቀጫጭን ሽቦዎች ሊኖሩት ይገባል። ላዩ ላይ በጉልህ የሚጻፈውን የ«ሲ» ቁጥር፣ ማለትም ባትሪው የአቅሙን ስንት እጥፍ ከረንት መስጠት እንደሚችል የሚገልጸውን፣ ግን ብዙም አትመኑት። 5000 ኤምኤኤች ባትሪ «100 ሲ» ነው ሲባል ያለማቋረጥ 500 አምፒር ይሰጣል ማለት ነው፤ ይህ የቤት መኪና ማስነሻ ሞተር እንኳ ብዙ ጊዜ የማይስበው መጠን ስለሆነ፣ እርሳስ በማያክል ሽቦ ውስጥ ያልፋል ብሎ ማመን ያስቸግራል።

የባልደረባዬ ጀልባ የተበላሸችው «ማሻሻያ» በሚል ለብቻው በተሸጠላት ጥቅል ምክንያት ነው። ጥቅሉ 11.1 ቮልት ባትሪና ከቀድሞው ሰፋ ያለ የብረት ፕሮፔለር የያዘ ሲሆን፣ ሻጩ «ሰክቶ መሄድ ነው» ብሎታል። የጀልባዋ ሰርኪዩት የተሠራው ግን ለ7.4 ቮልት ነበር። ቮልቱ ሲጨምር ሞተሩ በኃይል ይዞራል፣ የፕሮፔለሩ ስፋት ሲጨምርም የሚስበው ከረንት ያድጋል፤ ሁለቱ በአንድ ጊዜ ሲመጡ ኮንትሮለሩ ገና በመጀመሪያው ጉዞ ጨሰ። ማሻሻል የሚፈልግ ሰው መጀመሪያ የኮንትሮለሩን የቮልትና የአምፒር አቅም ማየት፣ ከዚያም አንዱን ነገር ብቻ ለውጦ ለአጭር ጊዜ ነድቶ ሞተሩንና ኮንትሮለሩን በእጅ መዳሰስ ይኖርበታል። ጣት የማያስቆይ ሙቀት ካለ ፕሮፔለሩን ማሳነስ ነው።

«በውሃ የሚቀዘቅዝ» የተባለውም በዚችው ጀልባ ላይ እንዲህ ሆኖ ተገኘ፦ ከመሪው ሥር የሚጀምረው ስስ የጎማ ቱቦ ወደ ውስጥ ገብቶ፣ ሞተሩን ሳይነካ በአጠገቡ ዞሮ፣ በጎን በኩል ባለው ቀዳዳ ይወጣል። ውሃው ይገባል፣ ይወጣል፣ የሚያቀዘቅዘው ነገር ግን የለም። በትክክል በተሠራ ጀልባ ቱቦው በሞተሩ ላይ ከተጠመጠመ የብረት ቱቦ ወይም ከለበሰው የብረት እጅጌ ጋር ይገናኛል፤ ኮንትሮለሩም የራሱ የውሃ መግቢያና መውጫ ይኖረዋል። በመርፌ መውጊያ ሲሪንጅ ውሃ ገፍቶ መንገዱን መከታተል ይቻላል። የመኪና ኮንትሮለር ለጀልባ ብለው የሚሸጡም ስላሉ፣ በላዩ ማራገቢያ ካያችሁ እወቁት፤ በተዘጋ ጀልባ ውስጥ ማራገቢያ ያንኑ ትኩስ አየር መልሶ ከማዞር ያለፈ ጥቅም አይሰጥም።

እነዚህ ጉድለቶች ቤት ውስጥ ቢሆኑ ንዴት ብቻ ነበሩ። ቢሾፍቱ ሆራ ወይም ባቦጋያ ላይ ሞተሯ የቆመባት ጀልባ ግን ነፋስ ካልመለሳት በቀር ጠፋች ማለት ነው፤ የእሳተ ገሞራ ሐይቆች ገና ከዳር ስለሚጠልቁ ገብቶ ማምጣት አደገኛ ነው፤ ሐዋሳ ደግሞ ጉማሬው አለ። የፕሮፔለሩ ዘንግ የሚያልፍበትን ቱቦ በግራሶ ሞልታችሁ፣ ክዳኑን በፕላስተር አሽጋችሁ፣ ባዶ ቦታውን በፎም ብትሞሉት ቢያንስ አትሰምጥም።

ዕቃውን ከዱባይ ወይም ከአሜሪካ በሰው ለማስመጣት የምታስቡ፣ ለብቻው የሚመጣ ሊቲየም ባትሪ በሚጫን ሻንጣ ውስጥ እንደማይፈቀድና በእጅ ሻንጣ ብቻ መያዝ እንዳለበት ለተጓዡ አስቀድማችሁ ንገሩት። እስከ 100 ዋት-ሰዓት ያለው ያለ ልዩ ፈቃድ ያልፋል፤ 11.1 ቮልት በ5 አምፒር-ሰዓት ሲባዛ 55.5 ስለሚሆን ችግር የለውም፤ ባለ ስድስት ሴሉ ግን 111 ስለሚሆን የአየር መንገዱን ፈቃድ ይጠይቃል።

በመጨረሻም ስለ ክፍያው። ዕቃውን ሳታዩ በሞባይል ገንዘብ አስቀድማችሁ አትላኩ፤ ደረሰኝም ጠይቁ። የንግድ ውድድርና የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813/2006 ጉድለት ያለበት ዕቃ የገዛ ሸማች በ15 ቀናት ውስጥ ዕቃው እንዲለወጥለት ወይም ዋጋው እንዲመለስለት የመጠየቅ መብት ሰጥቶታል፤ ሆኖም ደረሰኙ ላይ «የልጆች መጫወቻ» ተብሎ ብቻ ከተጻፈ፣ ብራሽለስ ተብሎ እንደተሸጠላችሁ የምታስረዱበት ነገር አይኖራችሁም። ስለዚህ የሞተሩን ዓይነት፣ የባትሪውን ቮልትና ኤምኤኤች ሻጩ ራሱ ደረሰኙ ላይ እንዲጽፍላችሁ አድርጉ፣ የማስታወቂያውንም ስክሪንሹት ከመክፈላችሁ በፊት አንስታችሁ አስቀምጡ። ባልደረባዬ ቅሬታውን በጻፈ ማግስት ልጥፉ ተሰርዞ፣ ያው ጀልባ በሌላ ፎቶ ተመልሶ ወጥቷል።